ቅባት የነካው ታብሌት

ስሚ እንግዲህ እህቴ፣

ታብሌቴን አየሁት። «አፕዴት» የሚለው ቦታ ላይ ቅባታም ጣትሽ እንደታተመ አለ፤ ያንገሸግሻል። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ቀይረሽዋል፤ አዲሱ ደግሞ አሮጌውን የልብስ ንድፍ አፕ አልከፍትም ብሏል። ቀሚስ የምሰፋላት ሙሽራ የሰውነት ልክ እዚያው ውስጥ ቀረ። ምን እንደምላት ሳላውቅ ወደ ስፌት ቤት ሄጃለሁ።

አትንኪው።
በዚያ በሚሸት የዕቃ ጨርቅም እንዳትወለውይው።

ባለፈው «ኦፕሬቲንግ ሲስተም ምንድን ነው?» ስትይኝ፣ «የስልኩም የታብሌቱም አዛዥ ነው፤ ሲቀየር የቆዩትን አፖች ሊያባርር ይችላል» ማለት አፌን አያደክመውም ነበር። እኔ ግን «አንቺ አይገባሽም፤ ታብሌቱ የጠየቀሽን ሁሉ ዝም ብለሽ እሺ በይው» ብዬሽ ወጣሁ።

እሺ ብለሽዋል።