መልአኩ የተባልኩበት ወር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዝናብ። ጉልበቴን አመመኝ። ልጄ ሮሃ ሻይ አፈላችልኝ፣ ስኳሩን ነፈገችኝ። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ፊደል አልቆጠርኩም፣ አፌ ግን ሙሉ ነው... ይህንንም ጻፊው። አትሳቂ።

ከሰዓት ወደ ሐበሻው ሰፈር ኢስትሊ ወረድኩ። ሻይ ቤት ውስጥ አስተናጋጁ ፋኑኤል ከስልኩ ለሰው ያነባል። አንድ ሰው ከሞያሌ በከብት መኪና ተደብቆ ናይሮቢ እንዴት እንደገባ። በሬ ትከሻውን እንደረገጠው። የኔ ታሪክ! ምርቃት፣ ያቺ ዩኒቨርሲቲ የምትማር ልጅ፣ አምና ለጥናት ብላ ድምፄን የቀዳችው።

"የማን ነው ይላል?"

"የመልአኩ ይላል፣ ጋሼ አለኸኝ።"

መልአኩ! ሆቴሌ ፊት ለፊት ሆቴል ከፍቶ ወጥ ሠሪዬን የወሰደብኝ! እሱ በአውሮፕላን ነው የመጣው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ለምርቃት ደወልኩ።

"ጋሼ፣ እርስዎን ለመደበቅ እኮ ነው። ተስማምተው ፈርመዋል።"

"አውራ ጣቴን አስነካሁ እንጂ ታሪኬን ለመልአኩ ስጪ አልኩሽ?"

ስሙን የቀየረው የዩኒቨርሲቲው ላይብረሪ ነው አለች። ጥናት ሲያልቅ የተቀዳው ሁሉ እዚያ ገብቶ ኢንተርኔት ላይ ይወጣል፣ ሌላ ተመራማሪ እንዲጠቀምበት። መልአኩን ሰው ሲጠይቀው "ተዉት፣ ያለፈ ነገር ነው" ይላል አሉ። አንገቱን ደፍቶ። ሌባ!

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ከሮሃ ጋር ላይብረሪው ሄድን። የተመራማሪዎቹን ዳታ የምትይዘው ዛራ የምትባል ኬንያዊት ናት። ወንበር ሰጠችኝ። አልተቀመጥኩም። በስዋሂሊ ጀመርኳት። ጋሼ ለማለት ምዜ ትለኛለች።

"ስንት ስም እያለ መልአኩን ከየት አመጣሽው?"

"ምዜ፣ የሐበሻ ስም ፈለግኩ። እንጀራ የምበላበት ሆቴል በር ላይ ተጽፏል።"

የሱን እንጀራ ትበላለች! "እንጀራውም አይረባም" አልኳት። ሮሃ ቆነጠጠችኝ።

"በራስዎ ስም ይሁን ካሉ ይሆናል፣ መብትዎ ነው። ግን ምዜ... መታወቂያ ለማውጣት ኬንያ ተወልጃለሁ ብለው እንደዋሹም ተናግረዋል።"

"እሱን ቁረጪዋ!"

"ብቆርጠውም ሰው አውርዶታል። አሁን ስምዎን ሳስገባ ከድሮው ጋር ያገናኙታል።"

ሮሃ ፊቷ ተለወጠ። የሷ ዜግነት በኔ መታወቂያ ነው የመጣው። የኔ ከወደቀ የሷም ይወድቃል።

"አስቤ እነግርሻለሁ" ብዬ ወጣሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ሮሃ ትጽፋለች እንጂ አታናግረኝም። ትናንት ብቻ፣ "አባዬ፣ ስምህ ነው ወይስ እኔ?"

ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ለአባት ይባላል? ...ግን ወዲያው አልመለስኩላትም። ለምን አልመለስኩም?

እሑድ፣ ጥቅምት 23

ጠዋት ለዛራ ደወልኩ። "ተዪው። እንዳለ ይቀመጥ።" ሌላ የውሸት ስም ልቀይር ወይ አለች። አይሆንም። መልአኩ ተነሥቶ ሌላ ስም ቢገባ፣ ያ ሁሉ ወሬኛ ታዲያ ማን ነው እያለ ይፈልገኛል። ፖሊስም ቢመጣ እሱን ይጠይቅ!

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከሮሃ ጋር ሻይ ቤት ገባን። መልአኩ ሰው ሰብስቦ ይተርካል። አሁንስ አንገቱንም አይደፋም። "ማርሳቢት ስንደርስ ከመኪናው ዘለልኩ" ይላል።

"ኢሲዮሎ ነው" አልኩ። አመለጠኝ።

ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። "አንተ በምን አወቅህ?" አለኝ መልአኩ። ሮሃ እጄን ያዘችኝ።

"ላይብረሪ ገብቼ አንብቤ" አልኩት።

ፊደል እንደማልቆጥር የማያውቅ የለም። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሻዬን ጠጥቼ ሳልጨርስ አልተነሣሁም።