ክሩን እጅሽ ላይ አትጠቅልዪ

ማክሰኞ፣ ሜይ 14
ከሐይቁ ዳር፣ አርካንሳስ

ለልጄ ለራሞና፣

እንደምን አለሽልኝ? እኔ ሰባ ዘጠኝ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። አሁንም እንቁላሌን ራሴ እጠብሳለሁ፣ ጢሜን ራሴ እላጫለሁ፣ መኪናዬን እስከ ፖስታ ቤት ራሴ እነዳለሁ፣ እንጨቴን ራሴ እፈልጣለሁ፣ ጀልባዬንም ማንም ሳያግዘኝ ውሃ ላይ አወርዳለሁ። በፋሲካ ስትደውዪ እንዲህ ነበር ያልኩሽ። እንጨቱንና ጀልባውን ሰርዢው። ምክንያቱን እደርስበታለሁ።

ፊደሌ ቢንጋደድብሽ እስክሪብቶው ነው። ደብዳቤ የእናትሽ የኦፓል ሥራ ነበር፤ እሷ ትጽፍ ነበር፣ እኔ ከታች ስሜን ነበር የማኖረው። ትምህርቴ አምስተኛ ክፍል ላይ እንደቆመ ታውቂያለሽ፤ አላፍርበትም።

ደብዳቤሽ ቅዳሜ ደረሰኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «አባዬ፣ ትንሽ የአሉሚኒየም ጀልባ ገዛሁ» ትያለሽ። «ከፍቺው ወዲህ ለራሴ ብዬ ያደረግኩት የመጀመሪያው ነገር ነው። የፊታችን ሳይሆን የሚቀጥለው ቅዳሜ ብቻዬን ባስ የሚባለውን ዓሣ ላጠምድ እወጣለሁ። ሻጩ የተጎነጎነውን ክር ውሰጂ፣ ምንም ብትጎትቺው አይበጠስም አለኝ። አንተስ ምን ትላለህ?»

አይበጠስም የሚለው ላይ ስደርስ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ሦስት ጊዜ ደወልኩልሽ። ሦስቴም ያ ማሽንሽ መልእክት ይተው አለኝ። ለማሽን የሚነገር ነገር አይደለም። በአራተኛው አንቺው አነሳሽው፤ ድምፅሽን ስሰማ ግን፣ እዚያ ሚኒሶታ በረዶው ቀለጠ ወይ ብዬ ጠይቄሽ ዘጋሁ። ለዚያ ነው የምጽፈው። ወረቀት ሲያዳምጥ አያቋርጥም።

መጀመሪያ የጠየቅሽኝን ልመልስ።

ናይለኑን ታውቂዋለሽ፤ ያደግሽበት ነው። ይለጠጣል፣ ይንሳፈፋል፣ ስሕተትሽን ይቅር ይልሻል። ባስ ከውሃው ዘሎ ራሱን ሲያወዛውዝ ክሩ ትንሽ ስለሚለቅለት መንጠቆው ካፉ አይነቀልም። ክፋቱ ፀሐይ ይበላዋል፤ ጥቅልሉ ላይ ከከረመም እንደ ሽቦ ይጠማዘዛል። በየዓመቱ መቀየር ነው።

ሌላው ውሃ ውስጥ የማይታየው ነው፣ ፍሎሮካርቦን የሚሉት። እሱ ይሰምጣል። ውሃሽ ጠርቶ ድንጋዩ የሚታይ ከሆነና የጎማ ትል ታች ለታች የምትጎትቺ ከሆነ እሱን ያዢ። ቋጠሮውን ከማጥበቅሽ በፊት በምራቅሽ አርጥቢው። በደረቁ ከሳብሽው ይቃጠላል፤ ሲታይ ደህና ይመስላል፣ ትልቁ ዓሣ በመጣ ቀን ይከዳሻል። ላይ ላዩን ለምትሄደው የጎማ እንቁራሪት ግን አይሆንም፤ አፍንጫዋን ይዞ ያሰምጣታል።

ከዚያ የተጎነጎነው አለ። እኔ ሹሩባ ነው የምለው። ከስፌት ክር አይወፍርም፣ ሃምሳ ፓውንድ ይሸከማል። አይለጠጥም። አረም ውስጥ የተሸሸገ ባስ ከነአረሙ ነቅሎ ያመጣልሻል። ሻጩ አልዋሸሽም ልጄ። አይበጠስም። የፈራሁትም እሱን ነው።

ዘጠኝ ዓመትሽ ሳለ ትዝ ይልሽ እንደሆነ፣ ከድልድዩ ወዲህ፣ ግድቡ ሲሠራ ውሃ የዋጠው ጫካ ውስጥ መንጠቆሽ ጉቶ ያዘብሽ። ልታለቅሺ ነበር። የማጥመጃውን ዘንግ አስቀምጪው፣ ክሩን እጅሽ ላይ ሁለቴ ጠቅልዪ፣ ጀርባሽን ስጪውና ሳቢ አልኩሽ። ሳብሽ። ጧ! ብሎ ተበጠሰና በቂጥሽ ወደቅሽ፤ እስኪያንቅሽ ሳቅሽ። ከዚያ በኋላ ጉቶ በያዘሽ ቁጥር ሳልነግርሽ ታደርጊው ነበር። እኔም ከአባቴ ነው የተማርኩት። በዚህ ሐይቅ ላይ ያረጀ ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው። አሥር ፓውንድ ናይለን ነዋ! መዳፍሽ ላይ ቀይ መስመር ጥሎ ይሄዳል፣ አለቀ።

ራሞና፣ እጅ ከጭንቅላት በፊት ያስታውሳል። አርባ ስድስት ዓመት ሆነሽ፤ ያም ሆኖ ጉቶ ሲይዝሽ እጅሽ አባትሽ ያስተማረውን ያደርጋል። አታደርገውም ብለሽ አትማዪ። የኔ አድርጋዋለች።

አሁን የደበቅኩሽን ልንገርሽ።

ናይለኑ አልታይ ካለኝ ሁለት ዓመት አለፈው። ጎረቤቴ ሆሊስ፣ ያ ከውሃው ማዶ ያለው፣ መጀመሪያ ያወቀብኝ እሱ ነው። መንጠቆ ላስር ስታገል ከጀልባ መወጣጫው ላይ ቆሞ ያየኛል።

«ኦርቪል፣ ዓሣዎቹ ጡረታ ወጡ እኮ!» አለኝ። «ክር ለማስገባት ሩብ ሰዓት?»

«ጫፉ ተተርትሮ ነው» አልኩት።

«ጫፉ ምንም አልሆነም ወንድሜ። ዓይንህ ነው።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ አላናገርኩትም። ሁለት ዓመት ሙሉ። እውነት ስለተናገረ ነው፤ ውሸት ቢሆን በሳምንቱ እረሳለት ነበር። ከዚያ ማንም የማያውቀኝ ከተማ ድረስ ነድቼ ሄጄ ቢጫ ሹሩባ ገዛሁ። ቢጫውን ዕውርም ያየዋል። ዓይኔን ለመደበቅ የገዛሁት ክር ነው እንግዲህ።

በማርች አጋማሽ፣ ጧት፣ ብቻዬን ወጣሁ። ለእናትሽ ብቻዬን እንደማልወጣ ምዬላት ነበር፤ ይህንንም ጥፋቴ ላይ ጻፊው። ነፋስ ነበር፣ ግን የሚያስፈራ አልነበረም። ከጀልባዋ ፊት ቆሜ ወረወርኩ፣ መንጠቆው ጉቶ ያዘ። ዘንጉን አስቀመጥኩ። ክሩን ቀኝ እጄ ላይ ሁለቴ ጠቀለልኩ። ጀርባዬን ሰጠሁት። ስልሳ ዓመት ሙሉ ያደረግኩትን አደረግኩ፣ ሌላ ምንም አላደረግኩም።

አልተበጠሰም። ነፋሱም በዚያችው ቅጽበት ተነሣና ጀልባዋን ወደ ኋላ ገፋት። ክሩ ጣቶቼ ውስጥ ገባ። ላይ ላዩን አይደለም የምልሽ፣ ውስጥ። በአንድ በኩል ጉቶው፣ በሌላ በኩል ነፋስና ጀልባ፣ መካከል ላይ የኔ እጅ። እንደ ፍየል ታሰርኩ። ቢላዋዬ ከኋላ፣ መንጠቆ ሳጥኑ ውስጥ ነው፤ ሦስት እርምጃ። ሞተሩም እዚያው ነው። ሦስት እርምጃ ልጄ፣ ሚኒሶታ ድረስ የራቀ ያህል። በግራ እጄ ክሩን ይዤ ጀልባዋን ወደ ጉቶው ልጎትት ብል እሱንም ቆረጠኝ። በጥርሴ ሞከርኩ፤ ሰው ሠራሽ ጥርሴ ተሰበረ እንጂ ክሩ ምንም አልሆነም። እናትሽ የገዛችልኝ መንሳፈፊያ ጃኬት ከወንበሩ ሥር ነበር፣ ከነላስቲኩ።

እጄ መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ጠቆረ፣ ከዚያ የሌላ ሰው እጅ መሰለኝ። ጀልባዋ በነፋስ በተነሣች ቁጥር ወደ ጫፉ አንድ ስንዝር ትስበኛለች። ውሃው ጥቁር ነበር፣ እንደ በረዶ ይቀዘቅዝ ነበር። ልጮኽ ፈለግኩ፤ የኩራቴን ነገር ተመልከቺ፣ ማን ይሰማኛል ሳይሆን ማን ያየኛል ብዬ ነው የፈራሁት። ቆይቶ ግን ጮኽኩ። እንደ ጥጃ ጮኽኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። እናትሽ የሞተች ቀንም አዝኜ ነበር እንጂ አልፈራሁም።

ሆሊስ ጩኸቴን አልሰማም፤ ነፋሱ ወደ ሌላ ወስዶታል። ቡናውን ይዞ በረንዳው ላይ ቆሞ ጀልባዬን አየ። መልሕቅ ሳትጥል በነፋስ ላይ ቀጥ ብላ ቆማለች። ጀልባ እንዲህ አትቆምም አለና በፒጃማው ጀልባውን አስነሥቶ መጣ።

«እንዳትንቀሳቀስ፣ አንተ ሽማግሌ በቅሎ!»

«ሆሊስ፣ ቀስ ብለህ፣ ክሩ...»

«ዝም በል። ሁለት ዓመት ዝም ብለኸኝ የለ? አምስት ደቂቃ ጨምርበት።»

ከጉቶው በኩል ቆረጠው። ወደ ኋላ ወድቄ ጀልባዋ ውስጥ ተዘረርኩ። የፒጃማ ሸሚዙን አውልቆ እጄን ጠቀለለውና ሲያየው ፊቱ ተቀየረ። ከዚያ ወዲህ አልቀለደም። ያኔ ነው የባሰ የፈራሁት፤ ሆሊስ ሳይቀልድ አይቼው አላውቅም።

ሌባ ጣቴንና የመሃል ጣቴን ሆስፒታል ውስጥ ቆረጧቸው። በፋሲካ ጉንፋን ነው ያልኩሽ ያኔ ነው። እስክሪብቶው ምንም አልሆነም። ይህን የምጽፍልሽ በግራ እጄ ነው፤ ከቅዳሜ ጀምሮ አራተኛ ቀኔ ነው።

ጀልባዋ ግቢው ውስጥ ተገልብጣ ተቀምጣለች። ከዚያ ወዲህ ውሃው አጠገብ አልደረስኩም። ነፋስ የጀልባዋን ቆርቆሮ ሲመታው ሳላውቀው እጄን ኪሴ ውስጥ እከታለሁ። ይህንን ለሆሊስ እንኳ አልነገርኩትም። አሁን ግን የማየው የኔን እጅ አይደለም። ሰሃን ሳጥብ፣ ዳቦ ስቆርስ፣ የማየው ያንቺን ነው፤ ያቺን የዘጠኝ ዓመት እጅሽን፣ ቢጫ ክር ሁለቴ ተጠቅልሎባት። ማዶ ደግሞ በረንዳ ላይ ቆሞ የሚያይ ሆሊስ የለሽም።

በገና የተናገርሽውን አልረሳሁም። «አባዬ፣ አንድ ነገር ከሆንክ መኪና ይዤ እመጣለሁ፣ ቤቱም ይሸጣል፣ ጭቅጭቅ የለም» ብለሽኛል። ይኸው አንድ ነገር ሆንኩ። በጽሑፍ ይዘሽብኛል። እያወቅኩ ነው የጻፍኩት። ከቤቴና ከእጅሽ ምረጥ ብባል የሚያስመርጥ ነገር የለውም።

ስለዚህ ስሚኝ። አሥራ ሁለት ፓውንድ ናይለን ግዢ፤ ለጀማሪ ጀልባና ለብቸኛ ሰው እሱ ነው። እልኸኛ ነሽ፣ ሹሩባውን ገዝተሽው ይሆናል። እንግዲያው ጫፉ ላይ ሁለት ክንድ የሚያህል አሥር ፓውንድ ናይለን ቀጥዪበትና መንጠቆውን እሱ ላይ እሰሪ፤ ጉቶ ሲይዝሽ ናይለኑ ይበጠሳል። ቢላዋሽን አንገትሽ ላይ አንጠልጥዪ፤ ሳጥን ውስጥ ያለ ቢላዋ እቤት እንደተረሳ ቁጠሪው። ጃኬቱን ልበሺው። ከሁሉ በላይ ግን ክሩን እጅሽ ላይ አትጠቅልዪ። አንድ ጊዜም ቢሆን። ጓንት አድርጌያለሁ ብለሽም ቢሆን።

ከደብዳቤው ጋር ሳጥኑ ውስጥ አንድ ዱላ ታገኛለሽ። የእናትሽ መጥረጊያ እጀታ ነው፤ አንድ ክንድ አድርጌ ቆረጥኩት። መጋዙ በግራ እጄ እየሸሸብኝ ጫፉ ጠማማ ሆኗል፣ አትሳቂብኝ። ጉቶ ሲይዝሽ ክሩን እሱ ላይ ጠቅልዪና በሁለት እጅሽ ሳቢ። ነፋስ ከጎተተሽ ዱላውን ልቀቂው። ይሂድ። ሌላ እቆርጥልሻለሁ፤ እጀታው ረጅም ነው።

ሳጥኑ ሲደርስሽ ደውዪልኝ። ቅዳሜም ከውሃ ስትወጪ ደውዪ። ደህና የሚሰማኝን ጆሮዬን ወደ ስልኩ አድርጌ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ካልሆነም ቅዳሜ ይቅር፤ ሁለት ሰው የምትይዝ ጀልባ እዚህ ተገልብጣ አለች፣ የሚያቃናት ብቻ ነው የጠፋው። ነዪ አለኝ ብለሽ እንዳታወሪ፣ ጀልባ አለ ነው ያልኩት።

መንጠቆሽ አይሳት። ውሃው ሰላም ያውጣሽ። አሥሩም ጣቶችሽ አብረውሽ ያርጁ።

የቀረብኝን ዕዳ ማንም እንዳይከፍልልኝ፣ ራሴ እከፍለዋለሁ። ለሆሊስ፣ አንድ ሸሚዝና ሁለት ዓመት ሙሉ ያላልኩት «አንተ ነህ ልክ»። ሆስፒታል ውስጥ ሾርባዋን ለደፋሁባት ነርስ፣ ይቅርታ። ለእናትሽ፣ መቃብሯ ድረስ ሄጄ መሐላዬን እንዳፈረስኩ በአፌ መንገር። ለሐይቁ፣ እዚያ ጉቶ ላይ እስካሁን የተንጠለጠለው ቢጫ ክር፤ አንድ ወፍ እግሩን ሳያስርበት ሆሊስ እየቀዘፈ እኔ ሄጄ መፍታት አለብኝ፣ ፈርቼም ቢሆን እሄዳለሁ። ለአንቺ፣ ዘጠኝ ዓመትሽ ሳለ ያስተማርኩሽ አንድ የተሳሳተ ነገር። እሱን በዚህ ደብዳቤ በግራ እጄ ጀምሬዋለሁ፤ ቅዳሜ ስልኩ ሲጮኽ ከፍዬ ጨረስኩ እላለሁ።

አባትሽ
ኦርቪል