የእትዬ ዘሐራ ግድግዳ

ሐሙስ፣ ነሐሴ 9፤ መካነ ሰላም

የመንግሥት ሠራተኞች ይኖሩበት የነበረው አሮጌ አፓርታማ የሥዕል ሙዚየም ሊሆን ነው። በሮቹ ስለተነቀሉ ጭጋጉ ከክፍል ክፍል እንደ ተከራይ ይዘዋወራል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ እትዬ ዘሐራን አገኘኋቸው። ሠላሳ ዓመት የኖሩበትን ቤት ግድግዳ፣ እንደ እናታቸው ቤት በቀይ አፈር ለስነው በጣታቸው አስጊጠውታል። ዛሬ ነጭ ሊቀባ ነው።

"ሥዕል ለማስገባት ሥዕሌን ታጠፋላችሁ?" አሉት ቀለም ቀቢውን።

"ታዝዤ ነው፣ እትዬ።"

"አብሽር፣ ቅባ። እኔ እዚሁ ቁጭ ብዬ አያለሁ።"

ባልዲውን አንስቶ ወደሚቀጥለው ክፍል ሄደ። ስወጣ ዞር ብዬ ባይ ጭጋጉ ግድግዳውን ሸፍኖታል፤ የተቀባ መሰለኝ። ተመልሼ ነካሁት። አፈሩ እጄ ላይ ቀረ፤ ይኸው ይህን ገጽም ነክቶታል።