ለጥናት የተቆረጠው የሰገነት ክታብ

ቀን፦ ኅዳር 14 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለተከበሩ የወረዳው የባህል ጉዳይ ኃላፊ
መካነ ሰላም

ጉዳዩ፦ ለሥዕል ጥናት የተወሰደው የልጄ ክታብ ዳግም መቀስ ሳይነካው እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

1. እኔ አመልካች ወ/ሮ ፈንታዬ ኪዳነ ማርያም የከተማው ነዋሪ ነኝ። ልጄ ሰገነት ሁለት ሕፃናት በሾተላይ ከቀበረች በኋላ አንድ መሪጌታ ቁመቷን በፈትል ለክተው፣ በዚያው ልክ ብራና ፍቀው፣ ጸሎትና ሦስት ሥዕል ያለበት ጥቅል ክታብ አዘጋጁላት። እንዲህ ያለው ክታብ ከባለቤቱ ራስ እስከ እግሩ እኩል መሆኑን ክቡርነትዎ የአገር ልጅ ነዎትና አያጡትም።

2. በመስከረም ወር የጽ/ቤትዎ ባለሙያ አቶ ምናለ አንድ ምሁር ይዘው ቤቴ መጡ። ሰው ሥዕል ሲያይ ልቡ ምን እንደሚሆን ያጠናሉ፤ ትምህርቱም የውበት ሥነ ልቦና ይባላል አሉኝ። ተማሪዎች ክታቡን አይተው ያምራል ወይስ ያስፈራል ብለው ይመልሳሉ፣ ከዚያ እንዳለ ይመለስልሻል ተባልኩ። ባንገራግር ልማት አደናቃፊ አሉኝ። የመንግሥት ሰው ደጅ ላይ ቆሞ ማን እምቢ ይላል? ሰጠኋቸው።

3. የጎረቤቴ የወ/ሮ ፈዲላ ልጅ መርዋ ክታቡን ት/ቤት አይታው መጣች። ለማሳየት እንዲመች ብለው የላይኛውን ሥዕል ቆርጠው መስተዋት ውስጥ አስገብተውታል። ዓይን ብቻ ነው፤ ተማሪው ሁሉ አንገቱን ደፋ እንጂ አላየውም አለች። ምሁሩ ግን ደስ ብሏቸው ይጽፉ ነበር አሉ።

የተቆረጠው በጥቅምት መድኃኔ ዓለም ማግስት መሆኑን አቶ ምናለ አልካዱም። የሰገነት ድምፅ የተዘጋው የዚያኑ ዕለት ነው። የመሪጌታው ፈትል ቤቴ ስላለ ዘርግቼ ለካሁት። የላይኛው ሥዕል የሚያበቃው ጉሮሮዋ ላይ ነው። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ አይተው ምንም የለም አሉ። ወ/ሮ ፈዲላ ዱዓ እያደረጉልን ነው።

4. ባለፈው ደጅ ስጠና ክቡርነትዎ «ብራና ብራና ነው፣ ይህ ኋላ ቀርነት ነው» ብለውኛል። ይሁን፣ እኔው ኋላ ቀር ልባል። ብራና ብቻ ከሆነ ግን መመለሱ ለምን ይከብዳል? በዚህ ነገር መናደዴንም አልደብቅም።

5. አሁን የሰማሁት ከዚያ የባሰ ነው። መካከለኛው ሥዕል በመጪው ሰኞ ተቆርጦ ደጎሎ ላሉ ተማሪዎች ሊታይ ነው አሉ። ሰገነት ነፍሰ ጡር ናት፤ ወሯ ገብቷል። ፈትሉን ደግሜ ዘረጋሁት። መካከለኛው ሥዕል ሆዷ ላይ ይውላል።

ስለዚህ ክታቡ ከሰኞ በፊት፣ የተቆረጠውም ያልተቆረጠውም፣ በእጄ እንዲገባ ትእዛዝ እንዲሰጡልኝ እግርዎ ላይ ወድቄ እለምናለሁ። ይህ የማይሆን ከሆነ መቀሱ የሚያርፍበትን ሰዓት አስቀድመው ያስታውቁኝ። ልጄ መጮህ አትችልምና አጠገቧ መሆን አለብኝ።

ከታላቅ አክብሮትና ሰላምታ ጋር

ፈንታዬ ኪዳነ ማርያም
(የጣት አሻራ)