አያምም ያልሽው ገመድ

ሸዋ ሮቢት
ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰሊማ፣ ደሴ

አሰላሙ ዓለይኪ፣ የኔ ልጅ። ስልኬን ስለማታነሺ ጻፍኩልሽ። ሳታነቢው እንዳትጥዪው። እናትሽ ናፊሳ አልሐምዱሊላህ ደህና ናት፤ እኔን ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አታናግረኝም። ሽንኩርቱንም ሙቀቱ ሊጨርሰው ነው።

እግሬ አሁንም እንዳበጠ ነው። ያን ቀን፣ ደሴ ሳትሄጂ፣ እዚህ ትሠሪበት በነበረው ክሊኒክ አስተኝተሽኝ፣ ሰውነቴ ውስጥ የተጠራቀመውን ውኃ በዚያ መሣሪያ ልትለኪ እጄና እግሬ ላይ ገመድ ስታጣብቂ ምን አልሽኝ? «አባ፣ ትንሽ ኤሌክትሪክ ነው፤ አያምም።» ከዚያ በኋላ ያየሁት አንቺን አይደለም። ወላሂ አንቺን አይደለም! አፍሽን በእርግጫ ስልሽ፣ ጥርስሽ ወልቆ ሲወድቅ፣ በደም ታፍነሽ «አባ! አባ!» ስትዪ፣ እኔ ከዘራዬን አንስቼ ደገምኩሽ። ሰው ባይዘኝ እገድልሽ ነበር።

አሁን ስሚኝ። ልጅ ሆነሽ የእግሬ አውራ ጣት ላይ ያለውን ጠባሳ እየነካካሽ «ምንድነው?» ስትዪኝ «ዶማ ነው» እልሽ ነበር። ውሸቴን ነው። በደርግ ጊዜ፣ የሃያ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ከጀውሃ ገበያ አፍሰው ወሰዱኝ። ራቁቴን ጠረጴዛ ላይ አጋድመው አንዱን ሽቦ እጄ ላይ፣ አንዱን አውራ ጣቴ ላይ አሰሩ። በእጅ የሚሽከረከር ሣጥን ነበራቸው። የሚያሽከረክረው ሰውዬ ሁልጊዜ እየሳቀ «አይዞህ፣ አያምም» ይለኝ ነበር። የሥጋዬ ቃጠሎ ለራሴ ይሸተኝ ነበር። ሰለሞን የሚባል አስተማሪ አብሮኝ ታስሮ ነበር፤ ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው። እዚያው ጠረጴዛ ላይ ደም እየተፋ ሞተ፤ እኔ ተራዬን እየጠበቅሁ አየሁት። ይህን ለእናትሽም ነግሬያት አላውቅም።

ትናንት ብቻዬን ክሊኒኩ ተመለስኩ። ሐኪሙ «ሳይለካ መድኃኒቱን በስንት እንጨምርልዎ? ውኃው ልብዎን ሊያፍነው ነው» ብሎኝ ነበር። ነርሱን ሱሌይማንን «ከተራገጥኩ እንዳላገኝህ፣ ራቅ በል» አልኩት። ገመዱን አጣበቀ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ፎጣ ነክሼ ጠበቅሁ። ብጠብቅ ብጠብቅ የለም።

«ጀምር እንጂ!» ብዬ ጮህኩበት።

«አለቀ እኮ፣ ጋሼ ኢብሮ።»

ምንም አልተሰማኝም። ምንም! ተነሥቼ ሰው ፊት እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አንቺ እውነትሽን ነበር፤ እኔ እውነት የነገረችኝን ልጄን ነው የደበደብኩት።

ውጤቱን ከደብዳቤው ጋር ልኬልሻለሁ። ሱሌይማን ቁጥሩን አይቶ ሐኪሙን ጠራ፤ ትርጉሙን አንቺ ታውቂዋለሽ። በየሳምንቱ ይለካ ብለዋል። ጥርስሽን በመሐረብ ቋጥሬ ይዤዋለሁ። አፉ በይኝ። እምቢ ብትዪም አልፈርድብሽም።

አላህ እንደኔ ካለ እጅ ይጠብቅሽ፤ ሳቅሽንም ይመልስልሽ። የመጣሽ እንደሆነ ግን፣ ገመዱን ስታጣብቂ «አያምም» አትበይኝ። ዝም ብለሽ ፊት ለፊቴ ቁሚ፤ አንቺ መሆንሽን ልየው።

አባትሽ
ኢብሮ ኸድር