ፈርሃና ሚድል ክላስ ገባች

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለእትዬ ሙህሲና፤ ኮምቦልቻ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? የላክሁልሽን ቅባት ራስሽ እየተቀባሽው ነው ወይስ እንደ ልማድሽ ለጎረቤት አደልሽው? ባለቤትሽ ጋሼ ይመር ደኅና ናቸው? ልጅሽ የሱፍስ ፈተናውን እንዴት አደረገው? ዒዱን በደስታ እንዳሳለፋችሁት ተስፋ አለኝ። እኛ እዚህ ካምፓላ አልሐምዱሊላህ ሦስታችንም ደኅና ነን። ዘምዘም የጨርቅ ሱቁን ከእኔ በተሻለ ትይዘዋለች፤ ደንበኞቹም አሁን የሚጠሩት እሷን ነው፤ እኔ ባልዋ ነኝ።

ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን አውቅሻለሁ፤ ገና «አሎ» ስል «ልጅቷን መቼ ነው የምትልክልኝ?» ብለሽ ትጀምሪና ሳልጨርስ መስመሩ ይቋረጣል። በወረቀት ግን ልታቋርጪኝ አትችዪም። ወደ አገር የሚገባ ሰው ስላገኘሁ እያንዳንዷን ነገር ልጽፍልሽ ነው፤ ተረጋግተሽ ስሚኝ።

አምና የላክሽብኝን ቃል አልረሳሁትም። ፈርሃናን ላክልኝ፣ እዚህ ከእኔ ጋር ሆና ትማር፣ እዚያ አራት ቋንቋ ተደባልቆባት ዲዳ ሆና ትቀርብሃለች፣ ሰው በአገሩ ሰው በወንዙ ነው ብለሽ ነበር። ያቺ «ዲዳ» ያልሻት ቃል፣ ወላሂ፣ ውስጤ ገብታ ከረመች። ልጅቷ እቤት አማርኛ ትሰማለች፣ ከሱቅ ደንበኞች ሉጋንዳ፣ ከጎረቤት ሱማሊኛ፣ ከቴሌቪዥኑ ደግሞ እንግሊዝኛ። ፊት ለፊትሽ ቆሜ «የለም፣ ተሳስተሻል» ለማለት ድፍረቱ አልነበረኝም። ስለዚህ በልቤ አንድ ነገር ወሰንኩ፤ እዚህ ዕድሜዋ በሚፈቅደው ክፍል ከተቀበሏት ትቀራለች፣ ካልተቀበሏት እልክልሻለሁ።

ታዲያ እዚህ የሕፃናት ትምህርት ቤቱ ምርጫ ያደናግራል። እኛ ያለንበት ኪሰንዪ ውስጥ ከመጋዘን ፎቅ ላይ ያለ መድረሳ አለ፤ ቁርኣኑን ጥሩ አድርገው ያቀራሉ፣ ልጅ ግን የሚሮጥበት ቦታ የለውም። ከዚያ አውቶቡስ ልኮ ልጅ የሚወስደውን ኢንተርናሽናል የሚሉትን አየን። እዚያ አንድ ሕፃን ውኃ ከጆግ ወደ ወለሉ ሲደፋ ማንም ምንም አላለውም። አስተማሪዋ ልጁ በራሱ ፍላጎት እየተማረ ነው አለችን። ዘምዘም ቀስ ብላ በአማርኛ «ይህንንማ ፈርሃና እቤት በነፃ ታደርገዋለች» አለችኝና ሳቄን እንደምንም ዋጥኩት። በመጨረሻ በንሳምብያ በኩል ሰፊ ግቢ ያለው፣ ማንጎ ዛፍ ያለበት አንድ ትምህርት ቤት ወደድን። ሦስት ክፍል አላቸው፤ ሦስት ዓመት የሞላው ቤቢ፣ አራት የሞላው ሚድል፣ አምስት የሞላው ቶፕ ክላስ ይገባል። ፈርሃና አራት ዓመት ተኩል ሆኗታልና የሷ ክፍል ሚድል ነው።

ለምዝገባ የልደት ወረቀት ሲጠይቁኝ የእኔና የአንቺ ምዝገባ ትዝ አለኝ። ለእኛ ወረቀቱ ጆሯችን ነበር እኮ! መምህሩ ቀኝ እጅህን በአናትህ ላይ አሳልፈህ ግራ ጆሮህን ንካ ሲሉኝ ጣቴ ቅንድቤ ላይ ቀረ። አንቺ ከኋላ ሆነሽ «አንገትህን ዘንበል አድርገው፣ አንተ ደደብ!» ብለሽ ስትጮሂ ወላጁ ሁሉ ሳቀ። መምህሩም እየሳቁ መዘገቡኝ። ያም ሆኖ አንድ ሳምንት ሙሉ ሳለቅስ፣ ያንቺን ክፍል ትተሽ ከእኔ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀምጠሻል። ውለታሽን መቼም አልረሳውም፤ ስድብሽንም አልረሳውም።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ለቃለ መጠይቅ ይዣት ሄድኩ። ቲቸር ፕሮሲ የምትባል ደልደል ያለች አስተማሪ አጠገቧ አስቀምጣ በእንግሊዝኛ ትጠይቃት ጀመር። ይህ አባትሽ ነው? አለቻት። ፈርሃናም ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጋ «እህ!» አለች። ሙዝ ትወጃለሽ? «እህ!» ሥዕል ትስያለሽ? አሁንም «እህ!» እኔ ደረቴን ነፍቼ ተቀምጫለሁ፤ ልጄ ሁሉንም ትመልሳለች! ቲቸር ፕሮሲ ግን ፊቷ እየጠቆረ ሄደ። በመጨረሻ ልጅቷ አትናገርም፣ ትንፋሿም ይቆራረጣል፣ ሐኪም ይያትና ለጊዜው ከሦስት ዓመት ልጆች ጋር ቤቢ ክላስ ትቆይ ብላ ወረቀት ጻፈችልኝ።

እትዬ፣ ያልሽው ደረሰ አልኩ። ዘምዘም ወረቀቱን አንብባ አለቀሰች። እኔም አላፍርም፣ አልቅሻለሁ። የአውሮፕላን ትኬት ቢሮ ድረስ ሄጄ የሕፃን ጉዞ እንዴት እንደሆነ ጠይቄ ተመለስኩ።

በማግስቱ ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሙ ሽማግሌ ዑጋንዳዊ ናቸው፤ ደረቷን አዳመጡ፣ ጀርባዋን አዳመጡ፣ ምንም የለም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው እቤትም እንዲህ አየር ትስባለች ወይ ብለው ጠየቁኝ። እኔም በጭንቀት «እህ!» አልኳቸው፤ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ! ሰውየው እኔን አዩ፣ ልጅቷን አዩ፣ እንደገና እኔን አዩ፤ ከዚያ ማዳመጫቸውን ከጆሯቸው አውልቀው እስኪያነቡ ሳቁ። ለካ እኛ «አዎ» የምንለውን ነው እንደ በሽታ ያዩብን! ሠላሳ ስድስት ዓመት ስኖር «አዎ»ን በትንፋሽ እንደምል አላውቅም ነበር። ዘር ከልጓም ይስባል ማለት ይኼ ነው። ሐኪሙ ይህ በሽታ በዘር የሚተላለፍ ነው፣ መድኃኒት አያስፈልገውም ብለው ጽፈው ሰጡኝ።

ቦዳ በሚሉት የሞተር ታክሲ ወደ ትምህርት ቤቱ ስንመለስ፣ ፈርሃናን መሐል አስቀምጬ፣ አስተማሪዋ ስትጠይቅሽ «የስ» በይ፣ በአፍሽ በይ እያልኩ መከርኳት። እሷ እቴ! አስተማሪዋ ፊት ስትደርስ ከ«የስ» አልፋ ወሬ ጀመረች። ስለ ሱቃችን ነገረቻት፣ ጎረቤታችን፣ ሮሌክስ የሚሉትን በቂጣ የተጠቀለለ እንቁላል ጋጋሪው፣ እንቁላሉን እንዴት እንደሚመታው በሉጋንዳ አስረዳቻት። ከዚያ እዚያ ወንበር ላይ ልቀመጥ? ብላ ጠየቀች። ቲቸር ፕሮሲ ዝም ብላ ቅንድቧን ከፍ አደረገች። ፈርሃና ያልሰማቻት መስሏት ድምፅዋን ጨምራ ጠየቀች። ቅንድቧ እንደገና ተነሣ። ሦስተኛ ጊዜ ስትጮህ ነው እኔ የነቃሁት፤ እዚህ አገር «አዎ» በቅንድብ ነው! የእኛው ደግሞ በትንፋሽ መሆኑን ስነግራት ቲቸር ፕሮሲም ሳቋን መያዝ አቃታት። እኛ በትንፋሽ፣ እነሱ በቅንድብ፤ ሁለታችንም አፋችንን አልከፈትንም፣ ዲዳ የተባለችው ግን የእኔ ልጅ! ያንን ወረቀት ቀድዳ ሚድል ክላስ ብላ በእጇ ጻፈች።

የመጀመሪያው ቀን እንደኔ ታለቅሳለች ብዬ ሱቁን ለዘምዘም ትቼ ልቀመጥላት ተዘጋጅቼ ነበር። በሩ ላይ እጄን ለቀቀችና «አባ፣ በቃ ሂድ፤ እዚህ ትልቅ ሰው አይገባም» አለችኝ። ማሻአላህ! ቆሜ ቀረሁ። አሁን ሁለት ወር ሆኗታል። የመጀመሪያው ተርም መዝጊያ ላይ ወላጅ ሁሉ በተሰበሰበበት ቆማ በእንግሊዝኛ ግጥም አለች፤ አንዲት ቃል አልሳተችም። ቲቸር ፕሮሲ ጎን ለጎኔ ተቀምጣ ይህችን ልጅ ዝም የሚያሰኝ መድኃኒት ካለህ አምጣልኝ አለችኝ።

ስለዚህ እትዬ፣ አትቆጪኝ፤ ፈርሃናን አልልክልሽም። ናፍቆትሽን ንቄ አይደለም። ልጅቷ ቦታዋን በራሷ አፍ አግኝታዋለች፣ እኔ ልነጥቃት አልችልም። ለረጅሙ ዕረፍት ግን ኢንሻአላህ ሦስታችንም እንመጣለን። ያን ጊዜ ፊደል ታስቆጥሪያታለሽ፤ «ሀሁ»ን ከአንቺ አፍ ነው የምፈልግላት።

ለጋሼ ይመር እጅ ነስቻለሁ በዪልኝ፤ ዱዓቸው አይለየን። የሱፍን በርታ በዪው፤ የላክሁለት ጫማ ከጠበበው ቁጥሩን ይላክልኝ። ጎረቤትሽን እሜቴ ዘሃራን፣ ቅባቱን የወሰዱት እሳቸው ከሆኑም፣ ሰላም በዪልኝ። ዘምዘም በሁለት እጇ አቅፋ ትስምሻለች።

ፈርሃና ይህን ስጽፍ አጠገቤ ናት። አክስትሽ እሷ ጋ እንድትማሪ ትፈልግ ነበር ብዬ ስነግራት፣ አክስቴ ስንተኛ ክፍል ናት? ብላ ጠየቀችኝ። አራተኛ አልኳት። እኔን ለማስተማር ብለሽ እዚያው እንዳቋረጥሽው ልነግራት አፌ እምቢ አለኝ። እሷ ግን ጣቷን ቆጥራ፣ ብዙ አይቀረኝም፣ እስክደርስባት ትጠብቀኝ፣ አምስተኛን አብረን እንገባለን በልልኝ ብላለች።

ወንድምሽ ሃሩን

ካምፓላ፣ ኪሰንዪ
ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.