ቦርሳዬን አትንኩ

ማክሰኞ፣ ጥር 12። ጠዋት

ደረጃ ወጥቼ ወርጄ ላቤ ገና አልደረቀም። ሊፍት እያለ በደረጃ። ጀርባዬ ላይ ቦርሳ፣ ቦርሳው ውስጥ የጤፍ ዱቄት ከነከረጢቱ። ጎረቤቴ ሊፍቱ ተበላሸ እንዴ አለኝ። አይ፣ የተበላሸሁት እኔ ነኝ አልኩት። አልገባውም። ሳቀ።

አንተ ማስታወሻዬ ግን ታውቃለህ። ቅዳሜ የካሊፎርኒያው ታሆ ሐይቅ ጋ፣ በረዶ፣ ያው ተራራ። የተራራ ጓደኞቼ የፍሪሞንቱ ሰለሞንና ሃና፣ እና እኔ። እነሱ ጎልማሶች፣ እኔ ጡረተኛ። የአምናው አሁንም ያንገበግበኛል። ገና ከመኪና ሳንወርድ ሰለሞን ቦርሳዬን ነጠቀኝ። እሱ እያለ ታላቅ ሰው ሸክም አይዝም፣ አሳዳጊ አልበደለውም። ይዞት ወደፊት ገሰገሰ። ጫማ ላይ የሚታሰረው የብረት ጥርሴ ቦርሳው ውስጥ! በረዶው መስታወት የሆነበት ጋ ስደርስ ባዶ እጄን ቆምኩ። ብጣራ ድምፄን ንፋሱ ወሰደው። ተመለስኩ። ሃናም በኔ ምክንያት ተመለሰች። ሰለሞን ከጫፉ ላይ ፎቶ አንስቶ መጣልኝ። ፎቶ! አክብረው አስቀሩኝ።

ዘንድሮ አይደገምም።

ሐሙስ፣ ጥር 14

ማርታ ከሳን ሆዜ ደወለች። ልጄ አማርኛ ትሰማለች፣ መልሱ በእንግሊዝኛ ነው። ብወድቅስ፣ ጉልበቴስ፣ ለምን ኤመሪቪል ሞል ውስጥ ዎክ አላደርግም አለችኝ። ሞል! የሱቅ መስታወት እያየሁ ልዙር? ተቆጥቼ ዘጋሁባት። አሁን ቅር ብሎኛል። መልሼ ግን አልደውልም።

ሰለሞንም ደወለ። ደንብ አውጥቷል፦ ቀን 6 ሰዓት ሲሆን የትም እንድረስ የትም እንመለሳለን፣ ከሰዓት አየሩ ይበላሻል። ደንቡን ወደድኩት። ከዚያ ዞሮ ዞሮ ቦርሳዬ ጋ መጣ። ከተሸከምኩ እዘገያለሁ፣ ከዘገየሁ ሁላችንም ጫፉን እናጣለን። እውነቱን ነው፣ የሚያመኝም እሱ ነው። ቢሆንም ሸክሜ ከኔ ጋር ነው አልኩት፣ ካልሆነ ሌላ ሰው ውሰዱ። አንገራግሮ እሺ አለ።

ፈርቻለሁ? አዎ። እሄዳለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥር 16። መኪና ውስጥ፣ ስንመለስ

መኪናው ይንገጫገጫል፣ ጽሕፈቴን ታገሠኝ።

ከመኪናው ስንወርድ የሰለሞን እጅ በልማድ ወደ ቦርሳዬ ሄደ። አየሁት። እጁን ሰበሰበ። መንገድ ጀመርን። ትከሻዬ እሳት፣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ። ሃና ኋላዬ፣ ለኔ ብላ እርምጃዋን ታሳጥራለች። ዳገቱ ሲብስ ሰለሞን ወርዶ አጠገቤ ቆመ።

"እትዬ ፀዳለ፣ በማርያም፣ ግማሹን እንኳ ልያዝልዎ።"

"ስሞት ሬሳዬን ትሸከማለህ። ዛሬ በቁሜ ነኝ።"

ሃና በሳቅ በረዶው ላይ ተቀመጠች። እሱ አልሳቀም፣ ግን መንገዱን ቀጠለ።

ያ መስታወት የሆነ ቦታ ደረስን። ቦርሳዬን አወረድኩ። ከራሴ ቦርሳ፣ በራሴ እጅ፣ የብረት ጥርሴን አውጥቼ አሰርኩ። ተሻገርኩት! ከዚያ ተረተሩ ላይ ወጣን። በግራም በቀኝም ገደል፣ ሁሉም ነጭ፣ ንፋሱ ያንገዳግዳል። ጫፉ ፊት ለፊት ይታያል፣ ቅርብ። ሰለሞን ሰዓቱን አየና እጅጌውን መለሰበት። ትንሽ እንጨምር፣ ምንም አንሆንም አለ። ለኔ ብሎ ነው፣ ገባኝ። ልቤ እሺ በይ፣ እሺ በይ ይለኛል። ስንት ሰዓት ነው አልኩት። ስድስት፣ አለ ቀስ ብሎ።

"እንግዲያው እንመለስ። ደንቡም ሸክሜ ነው፣ አትቀበለኝ።"

ስወርድ አለቀስኩ፣ ልዋሽህ አልችልም። ጫፉን አሁንም አልረገጥኩትም። መኪናው ጋ ስደርስ ግን ቦርሳዬን አውርጄ ለሰለሞን ሰጠሁት። አሁን ያዝ አልኩት። በሁለት እጁ ተቀበለኝ።

እሑድ፣ ጥር 17

ከአልጋ መውረድ ራሱ ተራራ። ዛሬ በሊፍት።

ማርታ ሾርባ ይዛ መጣች። ልትቆጣኝ ነበር፣ ሳነክስ አይታ ተወችው። እግሬን እያሸች ሁሉንም አስነገረችኝ። ሰለሞን በሁለት ሳምንት እንድገም ብሏል፣ ሌሊት ቀደም ብለን ተነስተን። እሄዳለሁ አልኳት። እግሬን ማሸቷን አቆመች።

"አይም ካሚንግ ዊዝ ዩ፣ ማም።"

አብራኝ የምትመጣው ልትጠብቀኝ ነው እንጂ በረዶ ወዳ አይደለም። ትምጣ። እኔም እንደ እናት እጄ ወደ ቦርሳዋ መዘርጋቱ አይቀርም፤ እሰበስበዋለሁ። ቦርሳዋን ራሷ ትሸከማለች።